ከደሴ ተነስቶ ጀርመን ለሚገባ ተማሪ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አሠራር

ጀርመን የሚገባ ተማሪ የመጀመሪያ ሳምንታቱ የሚመሰቃቀሉበት ብዙ ጊዜ በወረቀት ቅደም ተከተል ነው። ወረቀቶቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ቤት ከሌለ የአድራሻ ምዝገባ የለም፤ ምዝገባ ከሌለ የባንክ ሂሳብ ይጓተታል፤ ሂሳብ ካልተከፈተ በብሎክድ አካውንት (ለቪዛው ተብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚገባበት፣ በየወሩ ብቻ የሚለቀቅ የተቆለፈ ሂሳብ) የተቀመጠው የራሳችሁ ገንዘብ አይለቀቅም፤ ገንዘቡ ካልተለቀቀ ደግሞ ኪራዩም መድኑም ይቆማል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ እያላችሁ ነው። ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ተለጥፎ እጃችሁ ገብቷል ብለን እንነሳ።

ሳትነሱ የሚያልቅ ሥራ

መጀመሪያ ቪዛውን ፊደል በፊደል አንብቡ፦ ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን። ስህተት ካለ ለማሳረም ቀላሉ ጊዜ አገር ውስጥ እያላችሁ ነው። ቪዛው ከሚጀምርበት ቀን በፊት ድንበር ላይ መቆም አይቻልምና ትኬት ሲቆረጥ ይህ ይታይ።

ስም ላይ ቆም እንበል። እኛ ስም ስንል የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ ጀርመኖች የሚያውቁት የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ነው። ፓስፖርቱ በቤተሰብ ስም መስመር ላይ የአያትን ስም ካስቀመጠ ጀርመን ውስጥ የምትጠሩት በአያታችሁ ነው ማለት ነው። ለምሳሌ ሰይድ አሊ መሐመድ ለሚባል ልጅ ደብዳቤ የሚመጣለት «ለአቶ መሐመድ» ተብሎ ነው። የዩኒቨርሲቲው የቅበላ ደብዳቤ፣ ብሎክድ አካውንቱና መድኑ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደልም በቅደም ተከተልም አንድ መሆኑን እዩ። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ ትምህርት ቤት በእኛ አቆጣጠር የጻፈውን በራሳችሁ አስልታችሁ አትሙሉ፣ ሁልጊዜ የፓስፖርቱን ቅዱ። የትውልድ ቦታም የራሱ ወጥመድ አለው። «ደሴ» በላቲን ፊደል በሁለት ሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ ትክክል ባይመስላችሁም ፓስፖርቱ በጻፈው ጻፉ።

በእጅ ቦርሳ፣ ከእናንተ ሳይለዩ የሚጓዙ ወረቀቶች እነዚህ ናቸው፦

– ፓስፖርት ከነቪዛው
– የቅበላ ደብዳቤ
– የብሎክድ አካውንት ማረጋገጫ
– የጤና መድን ማረጋገጫ፣ የጉዞውም የትምህርቱም
– የዶርም ወይም የቤት ኪራይ ውል
– የዲግሪና የትራንስክሪፕት ዋና ቅጂ
– የልደት ሰርተፊኬት ከተረጋገጠ ትርጉሙ ጋር

የሁሉንም ፎቶኮፒ ሻንጣ ውስጥ፣ ስካኑን ደግሞ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ። ስልክ ላይ ብቻ ያለ ስካን ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ ጊዜያዊ ዲግሪ ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ለአንድ የምታምኑት ሰው ውክልና ስጡ። ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት የወጪ መጋራቱ ጉዳይ ማለቅ አለበት፤ ይህን ከባሕር ማዶ በስልክ መጨረስ አይቻልም። ውክልናው ላይ «የትምህርት ማስረጃ ማውጣት፣ የባንክ ሂሳብ ማንቀሳቀስ» ተብሎ ሥራው በስም ይጠቀስ። በጥቅሉ «በሁሉም ጉዳዬ» የሚል ብቻ ከሆነ ባንክ መስኮት ላይ ሊመለስ ይችላል።

የኢትዮ ቴሌኮም ሲማችሁን አታስወግዱ። የባንክና የቴሌብር ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በእሱ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አገልግሎት ማዕከል ገብታችሁ ውጭ አገር ሆኖ መልእክት እንዲቀበል ሮሚንግ አስከፍቱ፤ ጀርመን ስትደርሱ ግን የሮሚንግ ኢንተርኔቱን ዝጉት።

ገንዘብ፦ የመጀመሪያው ወር የተለየ ነው

ለተማሪ ቪዛ የሚጠየቀው ብሎክድ አካውንት በዓመት 11,904 ዩሮ ነው፣ በወር 992 ዩሮ ይለቀቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገንዘቡ በደረሰ ማግስት የሚገባ መስሎት ነው። ጀርመን ውስጥ መደበኛ የባንክ ሂሳብ መክፈት፣ የሂሳብ ቁጥሩን ለብሎክድ አካውንቱ አቅራቢ መላክ፣ ማረጋገጫውን መጠበቅ አለ። ሁለት ሦስት ሳምንት መሄዱ የተለመደ ነው፤ ሁሉም ተማሪ በአንድ ጊዜ በሚገባበት በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ደግሞ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።

በዚህ መሐል የሚወጣው ወጪ ከሌላው ወር ሁሉ የበለጠ ነው። የመጀመሪያው ኪራይ አለ። የቤት መያዣ ገንዘብ አለ፤ ይህ በሕጉ ከሦስት ወር ኪራይ (ማሞቂያና ሌላ ወጪ ሳይጨመር) መብለጥ አይችልም፣ ተከራዩም በሦስት ወር ከፋፍሎ የመክፈል መብት አለው። የዩኒቨርሲቲው የሴሚስተር መዋጮ እንደየተቋሙ ከ100 እስከ 400 ዩሮ አካባቢ ነው። አንሶላ፣ ድስት፣ ሲም፣ የባቡር ትኬት ይጨመርበት። ከ1,200 እስከ 1,500 ዩሮ ከብሎክድ አካውንቱ ውጭ ካልያዛችሁ የመጀመሪያው ወር በብድር ያልፋል። ዩሮውን ከባንክ ስትገዙ የግዢ ማስረጃውን አብራችሁ ያዙ፤ ቦሌ ላይ ሊጠየቅ ይችላል።

ከመያዣ ጋር የተያያዘ አንድ ማስጠንቀቂያ። በኢንተርኔት «አከራዩ ውጭ አገር ነው፣ ገንዘቡን አስቀድመህ ላክ፣ ቁልፉ በፖስታ ይመጣል» የሚል ማስታወቂያ ሌብነት ነው። ኪራዩ ከአካባቢው ዋጋ በጣም የቀነሰ፣ ፎቶውም የመጽሔት የሚመስል ከሆነ ሌብነት መሆኑ ጥርጥር የለውም። አስተማማኙ መንገድ የዩኒቨርሲቲ ከተማዎች ሁሉ ያላቸው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት ዶርም ነው። ወረፋው ወራት ስለሚወስድ የቅበላ ደብዳቤው በመጣ ዕለት አመልክቱ፣ ቪዛውን አትጠብቁ። ዶርሙ ካልደረሰ የመጀመሪያውን ወር አድራሻ ማስመዝገብ የሚፈቅድ ጊዜያዊ ክፍል ፈልጉ። ይህን ጥያቄ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ማስመዝገብ የማይቻልበት ክፍል ርካሽ ቢሆንም ሰንሰለቱን ከመነሻው ይበጥሰዋል።

ሻንጣው ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር

እናቶች ሲያዘጋጁ መጀመሪያ የሚነሳው ንጥር ቅቤና ቋንጣ ነው። ሁለቱም አይገቡም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና ወተት፣ ከእነሱ የተሠራውንም ሁሉ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ ጉምሩክ ካገኘው ይወረሳል፣ ቅጣትም ሊኖረው ይችላል። ቅቤ የገባበት በሶ ወይም ጭብጦም ከዚሁ ይቆጠራል። ማር እስከ 2 ኪሎ ይቻላል። ጫት ደግሞ ጀርመን ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ለራሴ ነው፣ ለወዳጅ አድርስ ተብዬ ነው ማለት አያድንም። የሰው ዕቃ «አድርስልኝ» ተብሎ ሲሰጣችሁ ከፍታችሁ ሳታዩ አትቀበሉ። ይሉኝታ ደሴ ላይ ይቅር።

የሚገባው ይኸው፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ ደረቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። በርበሬና ሽሮ በሁለት ወፍራም ፌስታል ታስሮ፣ ከልብስ ተለይቶ፣ በሚጫነው ሻንጣ ይሁን። አንድ ፌስታል ብቻ ከሆነ ይቀደዳል፣ ከዚያ ጋቢው ቀይ ሆኖ ይወጣል። ድርቆሽ ከሁሉ የሚጠቅም ነው፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ወጥ ቤቱን ገና ባልለመዳችሁበት ሳምንት በሽንኩርትና በቲማቲም ብቻ ፍርፍር ይሆናል።

ቡናውን ተቆልቶ ውሰዱ። ጀርመን ውስጥ መኝታ ክፍል ሁሉ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለበት፤ ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ ያስጮኸዋል። ማስጠንቀቂያው ከእሳት አደጋ ጋር በተገናኘበት ዶርም ውስጥ መኪናው መጥቶ ሂሳቡ ለተማሪው የሚላክበት ጊዜ አለ። ጀበናም ለምድጃው አይሆንም፤ ኢንዳክሽን የሚባለው ምድጃ ሸክላን ጭራሽ አያሞቅም፣ በተለመደው የመስታወት ምድጃ ላይ ደግሞ ሸክላው ሊሰነጠቅ ይችላል። የብረት ጀበና ወይም ትንሽ ማንቆርቆሪያ ይሻላል።

ልብስ ላይ የደሴና የኮምቦልቻ ልጅ ይለያያል። የጦሳን ብርድ የለመደ ሰው ብርድ አውቃለሁ ይላል፣ እውነቱንም ነው፤ እስከ ኅዳር ድረስ የደሴ ሹራብና ጃኬት ይበቃል። ከባዱን የክረምት ካፖርት ከዚህ ተሸክሞ መሄድ ኪሎ ማባከን ነው፣ እዚያ ከሰልባጅ ሱቅ በርካሽ ይገኛል። ጋቢ ግን ውሰዱ። የዶርም ክፍል አልጋና ፍራሽ ቢኖረውም አንሶላ፣ ትራስና ብርድ ልብስ የለውም፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት የሚያሳድራችሁ ጋቢው ነው። የስልክ ቻርጀር ባለሁለት ክብ ጥርስ ከሆነ እንዳለ ይሠራል፣ ባለሦስት ጥርሱ ግን አስማሚ ይፈልጋል።

መቼ መድረስ

የክረምቱ ሴሚስተር በዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ይጀምራል፣ በእኛ መስከረም 21 አካባቢ ማለት ነው። ቤተሰብ «መስቀልን ዋልና ሂድ» ማለቱ አይቀርም፤ ይቻላል፣ ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። የዶርም ቁልፍ የሚሰጠው የሕንፃው ኃላፊ (ሃውስማይስተር ይሉታል) የሚሠራው በሥራ ቀን፣ ብዙ ጊዜም ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ የደረሰ ሰው ውሉ በእጁ እያለ ውጭ ያድራል። ሁለተኛ፣ ኦክቶበር 3 የጀርመን ብሔራዊ በዓል ስለሆነ ቢሮም ሱቅም ዝግ ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ጠዋት የሚያደርስ በረራ ምረጡ፣ ለሃውስማይስተሩም ቀንና ሰዓቱን በኢሜይል አሳውቁ።

ከደሴ አዲስ አበባ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ብርሃን በኩል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመኪና ቀኑን ይፈጃል። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ በበረራው ዋዜማ በአውቶቡስ መነሳት ቁማር ነው። ወይ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን፣ ወይ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በመኪና።

ፍራንክፈርት ላይ የድንበር ፖሊሱ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፦ የት ትማራለህ፣ የት ታርፋለህ፣ ገንዘብህስ? በቃል ከማስረዳት ወረቀቱን አውጥቶ ማሳየት ይቀላል። ከጉምሩኩ በኋላ ሁለት ባቡር ጣቢያ አለ፤ አንዱ ለአካባቢው ባቡር፣ ሌላው ለረጅም ርቀት ፈጣን ባቡር። ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ካላያችሁ በተሳሳተው ፎቅ ላይ ትጠብቃላችሁ። ባቡር ላይ ትኬት የሚጠይቅ ረዳት ሁልጊዜ የለም፣ በሩም ክፍት ነው፤ ይህ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ያለ ትኬት የተገኘ ሰው ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው፣ «አላወቅኩም» የሚለው አይሠራም። በአንዳንድ ከተማ የወረቀት ትኬት ተገዝቶ ማኅተም ማሽን ውስጥ ካልገባ እንዳልተገዛ ይቆጠራል።

ቁልፍ፣ ፖስታ ሳጥን፣ ምዝገባ

ቁልፍ ስትቀበሉ የርክክብ ቅጽ ይሰጣችኋል። ሳትፈርሙ ክፍሉን ዞራችሁ እዩ፦ የተሰነጠቀ መስታወት፣ የማይዘጋ መስኮት፣ ፍራሽ ላይ ያለ እድፍ፣ ግድግዳ ላይ ያለ ሻጋታ። ሁሉንም አስጽፉ፣ ፎቶ አንሱ። ያልተጻፈው ጉዳት ስትለቁ ከመያዣው የሚቆረጠው የእናንተ ጉዳት ይሆናል። እዚያው እያላችሁ አንድ ወረቀት ጠይቁ፤ አከራዩ «ይህ ሰው እዚህ ገብቷል» ብሎ የሚፈርምበት። ስሙ ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ ነው፤ ከሐረጎ ጠመዝማዛ ይረዝማል፣ ግን ተጽፎ ከያዛችሁት ማንበብ የእነሱ ሥራ ነው። የኪራይ ውል ይህን አይተካም።

ቀጥሎ የፖስታ ሳጥን። ደሴ ላይ አድራሻ «ከሸዋ በር አለፍ ብሎ፣ ከመስጊዱ ጎን» ነው፤ ሰው ይጠየቃል፣ ይደረሳል። ጀርመን ውስጥ አድራሻ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ አምስት አሃዝ የፖስታ ቁጥርና ከተማ ነው፤ ፖስተኛው ደግሞ ቁጥሩን ካገኘ በኋላ የሚፈልገው ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ስም ነው። ስሙ ከሌለ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል። የባንክ ካርድ፣ የካርዱ ምስጢር ቁጥር፣ የመድን ካርድ፣ የግብር መለያ ቁጥር፣ ሁሉም በፖስታ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ክፍሉን በተረከባችሁ ሰዓት በፓስፖርቱ የቤተሰብ ስም መስመር ያለውን ስም፣ የሚቻል ከሆነም የራሳችሁን ጨምራችሁ፣ በጉልህ ጽፋችሁ ለጥፉ። በሰው ቤት ጊዜያዊ ከሆናችሁ ከቤቱ ባለቤት ስም ሥር ስማችሁ እንዲጨመር ለምኑ። ሳጥኑን በየቀኑ ክፈቱ፤ ብዙ ደብዳቤ ላይ የመልስ ቀነ ገደብ አለ፣ የሚቆጠረውም እናንተ ባነበባችሁበት ቀን አይደለም።

ከዚያ አንሜልዱንግ፣ የአድራሻ ምዝገባው። ሕጉ ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመዝገቡ ይላል። ቦታው ቡርገርአምት የሚባለው የከተማው የነዋሪዎች ጉዳይ ቢሮ ነው፣ ቀጠሮ የሚያዘው በኢንተርኔት። ትልልቅ ከተማ ላይ ቀጠሮው ሞልቶ ታገኙታላችሁ። ተስፋ አትቁረጡ፤ ሰው የሰረዘው ቦታ በየጠዋቱ ይለቀቃል፣ ሥራ ሲጀመር ደጋግማችሁ እዩ። በከተማው ውስጥ ያለ የትኛውም ቅርንጫፍ ይሆናል፣ የሰፈራችሁ መሆን የለበትም። ሁለቱ ሳምንት ካለፈም የቀጠሮውን ማረጋገጫ አትማችሁ አስቀምጡ፤ ቸል እንዳላላችሁ ማስረጃው እሱ ነው።

ይዛችሁ የምትሄዱት ፓስፖርት፣ የአከራዩን ወረቀትና የተሞላ ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ ሃይማኖት የሚል ጥያቄ አለ፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ጀርመን ውስጥ ካቶሊክና የጀርመን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ከምእመናቸው የገቢ ግብር ላይ 8 ወይም 9 በመቶ በመንግሥት በኩል ይሰበስባሉ። የእኛ ኦርቶዶክስም ሙስሊምም ይህ አይመለከተውም፤ ግን ክርስቲያን ነኝ ብሎ ያልሆነውን ሳጥን የነካ ኦርቶዶክስ ደመወዝ ሲያገኝ ሲቆረጥበት ያየዋል፣ ለመውጣትም ሌላ ቢሮና ሌላ ወረቀት ነው። እውነቱን ሙሉ፣ ሳጥኑን ግን አንብባችሁ። ሲጨርሱ የሚሰጧችሁን የምዝገባ ማረጋገጫ ስሙ በትክክል መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ፤ አሥር ቅጂ አድርጉት።

ባንክ፣ መድን፣ ዩኒቨርሲቲ

የምዝገባ ማረጋገጫው በእጅ ከገባ ባንኩ ቀላል ነው። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠሩ ባንኮች ፈጣን ቢሆኑም በቪዲዮ የሚያደርጉት የማንነት ማረጋገጫ የሁሉን አገር ፓስፖርት አይቀበልም። ሁለት ጊዜ ከመለሳችሁ አትታገሉ፤ ወይ በፖስታ ቤት የሚደረገውን ማረጋገጫ ምረጡ፣ ወይ ሽፓርካሰን የመሰለ ቅርንጫፍ ያለው ባንክ ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ። ባንክ እምቢ ካለ «ባዚስኮንቶ» በሉ። በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው ሁሉ መሠረታዊ ሂሳብ የማግኘት መብት አለው፣ ባንኩም ማመልከቻው በደረሰው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የሂሳብ ቁጥሩ እንደወጣ ያን ዕለቱን ለብሎክድ አካውንቱ አቅራቢ ላኩ፤ ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

የጤና መድን ከ30 ዓመት በታች ለሆነ ተማሪ የመንግሥቱ የተማሪ መድን ነው፣ በወር 150 ዩሮ ገደማ። ከ30 በላይ ለሆነ ሰው የተማሪው ዋጋ የለም፣ አማራጩን ከመሄዱ በፊት ይጠይቅ። የጉዞ መድን ከደረሳችሁበት ቀን ሴሚስተሩ እስኪጀምር ያለውን ክፍተት ለመሸፈን ነው እንጂ ለዩኒቨርሲቲ ምዝገባ አይሆንም። መድን ድርጅቱ «ተማሪው መድን አለው» የሚለውን መልእክት ለዩኒቨርሲቲው በኮምፒውተር በቀጥታ ይልካል። ምዝገባችሁ ቆሞ ምክንያቱ ካልታወቀ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ መልእክት አለመድረሱ ነው፤ መድኑ ጋ ደውላችሁ «ላኩልኝ» ማለት ብቻ ነው።

የሴሚስተር መዋጮውን ስትከፍሉ ዩኒቨርሲቲው የሰጣችሁን መለያ ቁጥር የክፍያ ምክንያት መስመር ላይ እንዳለ ጻፉ። ያለ ቁጥሩ የገባ ገንዘብ የማን እንደሆነ አይታወቅም። አብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ የለውም፣ በባደን ቩርተምበርግ ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። በብዙ ቦታ መዋጮው የአገር አቀፍ የተማሪ ትራንስፖርት ትኬትን ያካትታል፤ ለሌላው ሕዝብ ይኸው ትኬት ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወር 63 ዩሮ ነው። ሁለቱም በፈጣኖቹ የረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ አይሠሩም።

ሰዓት

ቀጠሮ 9:00 ማለት በእኛ ሦስት ሰዓት ጠዋት፣ 14:30 ማለት ስምንት ተኩል ነው። ስልኩን ወደ እነሱ አቆጣጠር ቀይራችሁ በጭንቅላት መቀየሩን ተዉት። የሚያስተው የአፍ ንግግሩ ነው። ጀርመን «ሃልብ ኖይን» ሲል በአማርኛ ጆሮ «ዘጠኝ ተኩል» ይመስላል፤ እነሱ ግን ወደ ዘጠኝ የሚሄደውን ግማሽ ነው የሚቆጥሩት፣ ስለዚህ 8:30 ነው። አንድ ሰዓት ዘግይቶ መድረስ ቀጠሮውን ይሰርዘዋል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ደግሞ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እስከዚያ ደሴ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ ከዚያ በኋላ በሁለት። በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አሥር ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከብርዱ ይልቅ የሚከብደው ይህ ጨለማ ነው፤ ቀን ብርሃን እያለ ወጥቶ መመለስን ልማድ አድርጉት።

ቤት ውስጥና ገበያ

ማሞቂያው ላይ ከ1 እስከ 5 ቁጥር አለ፤ 3 ላይ ክፍሉ 20 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። 5 ላይ ማድረግ ቶሎ አያሞቅም፣ ሂሳብ ብቻ ያበዛል። ብርድ ፈርቶ መስኮት መዝጋት ትልቁ ስህተት ነው፤ ከወጥና ከትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት ግድግዳ ላይ ሻጋታ ያወጣል፣ ጥፋቱም የተከራዩ ይባላል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ማሞቂያውን ዘግቶ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ለ5 እስከ 10 ደቂቃ መክፈት ነው መድኃኒቱ። ቀኑን ሙሉ ትንሽ ገርበብ ማድረግ ግድግዳውን ከማቀዝቀዝ በቀር አይጠቅምም።

ከማታ 22:00 እስከ ጠዋት 6:00 ድምፅ አይፈቀድም፣ እሑድ ሙሉ ቀን ጭምር። ከቤተሰብ ጋር በስልክ ጮክ ብሎ ማውራት ግድግዳ ያልፋል። ቆሻሻ በአራት አምስት ይለያል፦ ወረቀት ለብቻ፣ ማሸጊያ ለብቻ፣ የምግብ ትራፊ ለብቻ፣ ሌላው ለብቻ፤ ጠርሙስ መንገድ ዳር ባለው ዕቃ ውስጥ በቀለሙ። ሁሉም ጠርሙስ ግን አይጣልም። ብዙው የፕላስቲክ ጠርሙስና ጣሳ ላይ 25 ሳንቲም መያዣ ስለተከፈለ ሱቁ ውስጥ ባለው ማሽን ተመልሶ ገንዘቡ ይሰጣል። የቧንቧ ውኃ ይጠጣል፣ ውኃ መግዛት አያስፈልግም።

እሑድ ሱፐርማርኬት ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ሳይመሽ ይገዛ። ሐላል ሥጋ ከቱርክ ሱቆች ይገኛል፤ የታሸገ ነገር ላይ «ሽቫይን» የሚል ቃል ካያችሁ አሳማ ነው። ለጾመኛ ደግሞ «ቬጋን» የሚለው ምልክት ከሥጋም ከወተትም ነፃ ነው፣ ምስር ርካሽ ነው። እንጀራና ጤፍ በትልልቅ ከተማ የሐበሻ ሱቆች አሉ፤ ዋጋው ያስደነግጣል፣ ስለዚህ ለሳምንት መጨረሻ ይቆይ።

ለሕይወት አደጋና ለእሳት 112፣ ለፖሊስ 110፣ ሐኪም ቤት በተዘጋ ሰዓት ለማይገድል ሕመም 116117። ይህን ስልኩ ላይ ጻፉ። ባለሥልጣንም ሆነ የማያውቁት ሰው ሲያናግሩ «ዚ» እንጂ «ዱ» አይባልም፤ አንቱ ማለት ለሚያውቅ የወሎ ልጅ ይህ አይከብድም።

ሁለተኛው ሳምንት

ቪዛው ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ነው፤ እውነተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ከውጭ ዜጎች ቢሮ ይወጣል። ቀጠሮው ወራት ሊጠበቅ ስለሚችል በሁለተኛው ሳምንት አመልክቱ፣ ቪዛው ሊያልቅ ሲል አይደለም። የሚጠየቀው የተማሪነት ማረጋገጫ፣ መድን፣ የገንዘብ ማስረጃ፣ የአድራሻ ምዝገባ፣ የኪራይ ውልና ፎቶ ነው። ፎቶው አሁን በዲጂታል የሚላክ መሆን ስላለበት ከደሴ አስቀድሞ ማንሳት ገንዘብ ማባከን ነው። ቪዛው ሳያልቅ አመልክታችሁ ቀጠሮው ቪዛው ካለቀ በኋላ ቢውል ቢሮው ፊክሲዮንስበሻይኒጉንግ የሚባል ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጣል፤ ሕጋዊነታችሁ አይቋረጥም። ይህ ወረቀት ከሌላችሁና ቪዛው ካለቀ ግን ወደ አገር ለመመለስም፣ ከዚያ ለመግባትም ያስቸግራል።

ሥራ መሥራት በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ይፈቀዳል። ቀጣሪው የሚጠይቀው የግብር መለያ ቁጥር ከምዝገባው በኋላ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ በፖስታ በራሱ ይመጣል፤ ስማችሁ ሳጥኑ ላይ ካለ ማመልከት አያስፈልግም።

በዚያው ሰሞን ሌላ ደብዳቤ ይመጣል፣ ማስታወቂያ መስሎ። የሬዲዮና የቴሌቪዥን መዋጮ ነው፤ በወር 18.36 ዩሮ፣ ቴሌቪዥን ይኑራችሁም አይኑራችሁም። የሚከፈለው በቤት ስለሆነ በጋራ አፓርታማ የሚኖሩ ሰዎች አንዱ ከፍሎ ይካፈላሉ፣ ሌሎቹ የከፋዩን መለያ ቁጥር ጽፈው ይመልሳሉ። ዶርም ውስጥ ከጋራ ኮሪደር የሚከፈት የራስ ክፍል ግን እንደ አንድ ቤት ይቆጠራል። ደብዳቤውን የጣለ ሰው ዕዳው ከቅጣት ጋር ተጠራቅሞ ይመጣበታል፤ መልሱን በዚያው ሳምንት ላኩ።